መልስ ያጣው ቁጥር 147

አፉላ ኢሊት፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2024

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለገበያው፤

ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር እንደምን ከርማችኋል? ዘመኑ ክፉ ነው፤ እዚያም ተኩስ፣ እዚህም ተኩስ። የአባቶቻችን አምላክ ደጃችሁን ይጠብቅላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሽሪ እሑድ እሑድ ጧት ከባቡር ጣቢያው ወደ ጦር ሰፈሯ ትሄዳለች፤ እስክትመለስ ቀን እቆጥራለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ከራሴ አድራሻ ስለሆነ እንደሚደርስህ አውቃለሁ። የማይደርሰው ሌላው ነው፤ የአፉላ ቤተሰቦች ኮሚቴ ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል መግባትን ለሚጠብቁት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች በየወሩ ከኢንተርኔት ገጹ በኢሜይል የሚልከው ጥያቄ። ነገሩን ታውቀዋለህ። ጠበቃችን ኦዴሊያ አምና የሞቱና አገር የለቀቁ ሰዎች ያሉበት ዝርዝር ይዛ ምስራድ፣ የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት፣ ገብታ አፍራ ስለወጣች፣ «ከእንግዲህ በሕይወት መኖሩ ያልተረጋገጠ ስም አላቀርብም» አለች። ስለዚህ ገጹ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይልካል፤ ቤቱም ለዚያው ደብዳቤ «አለ» ወይም «አለች» ብሎ ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ዝም ያለ ቁጥር ይዘጋል። ከአፉላ ሆኖ ለዘመዱ የሚመልስ እንዳይኖር የኮሚቴው ሰብሳቢ አባ እንግዳ ሁላችንንም በኦሪት አስምለውናል። ገጹን የሠራሁት እኔም ምያለሁ።

ባለፈው ወር የመለሱት ሠላሳ አንድ ቤቶች ብቻ ናቸው። እህቴ እቴ ምንይሹም አልመለሰችም። የእሷ ቁጥር 147 ነው። ልጇ ኢደንም በእናቷ ፋይል ላይ ስለተጻፈች ያ ቁጥር ከተዘጋ የሚዘጋው በሁለቱም ላይ ነው። የእቴ ዓይን ስለደከመ አንተ እንደምትመልስላት አውቃለሁ። እባክህ፣ የአርባውን ቤት የይለፍ ቃል የጻፍክበትን ደብተር ይዘህ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሂድና እያንዳንዱን ሳጥን ክፈትልኝ። ስፓም የሚለውን፣ ቆሻሻ የሚጣልበትንም ሳጥን እይ።

የእናንተን ደህንነት መስማት ምግቤ ነው።

እህትህ ታንጉ


ጎንደር፣ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ታንጉ፣ ሰላምታዬ ከነቤትሽ ይድረስሽ። የአብርሃም አምላክ ልጅሽን ከወጣችበት በደህና ይመልስልሽ።

የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ከተማው ሁሉ የተሰለፈው በሁለት ቤት በር ላይ ነው። ሦስት ቀን ተመላልሼ አርባውን ሳጥን ከፈትኩ። በአምስቱ ደብዳቤው በደንብ ገብቷል። በዘጠኙ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሎ አገኘሁት። በሃያ ስድስቱ ግን ምንም የለም። የእቴ ምንይሹም ከሃያ ስድስቱ ነው።

ሰፈሩ ታውኳል። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ላልደረሰው ይነግረዋል፤ ያልደረሰው «ስሜ ተፍቋል» ብሎ ለቅሶ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ትናንት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ከአፉላ ቂም ያለበት ሰው ነው የሰረዘኝ?» አሉኝ። ማሽን ነው ብላቸው «ማሽንማ ሰው ካላዘዘው አይከፋም» ብለው ሄዱ።

እቴ ምንይሹን ስነግራት ሳቀች። «ንገራት፣ አለሁ በላት። ማሽኗ ካልሰማ ምን ላድርግ፣ ጮክ ብዬ ልበል?» አለች። ቀጥላም «ታንጉ ከሰው ደጅ ወረቀት እየለቀመች ፊደል የለየች ናት፤ መላ አታጣም» አለች።

ጤናዋ ግን እንደ ሳቋ አይደለም። እግሯ አብጧል፣ ግፊቷ አልወርድ ብሏል። ኪኒኑ እዚህ ከጠፋ ወር ሆነው። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ የሦስት ወር ያህል ላኪላት። ከሁሉም ይህን አስቀድሚ።

ወንድምሽ ገበያው


አፉላ ኢሊት፣ ፌብሯሪ 11 ቀን 2024

ለወንድሜ ለገበያው፤ ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለሰፈሩ ሁሉ ይሁን። ለእቴ ምንይሹ ምሕረቱን ይላክላት።

ኪኒኑን በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ሰጥቻለሁ። ከዚያ ወደ ጎንደር መንገዱ ሲከፈት ያደርስልሃል።

የደብዳቤውን ነገር ደርሼበታለሁ። የማጸዳው መሀል ከተማ ያለ፣ ገጽ የሚሠራ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ነግሬህ ነበር። ለዓመታት ከቅርጫታቸው የሚጣለውን የታተመ ወረቀት እያወጣሁ ነው የተማርኩት። አንዳንዱ ግማሹ የተቀደደ ነው፤ የጎደለውን ሌላ ሳምንት አገኘዋለሁ። በዚህ ሳምንት ስለ ኢሜይል የሚናገር ስድስት ገጽ አገኘሁ፤ መጀመሪያውና መጨረሻው የለም። ያልገባኝን እዚያ የምትሠራውን ቬሬድን ጠየቅኋት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ታንጉ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ቅርጫታችሁ» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጻችን ያለበት ሰርቨር በርካሽ የተከራየነው ነው። ደብዳቤውን ራሱ ሰርቨሩ በቀጥታ ይልክ ነበር። ነገር ግን በዚያው አድራሻ ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ አጭበርባሪ ነበርና አድራሻው በሁሉም ዘንድ ስሙ ጠፍቷል። ቤት ተከራይተህ ገብተህ፣ ጎረቤቱ በፊተኛው ሌባ ምክንያት በር እንደሚዘጋብህ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሪሌይ የሚሉት አሻጋሪ ነው፤ ስሙ የታመነ ድርጅት ደብዳቤውን ከእኛ ተቀብሎ በራሱ መንገድ ያደርሳል። ሰርቨሩ ከእንግዲህ በቀጥታ አይልክም፤ ለአሻጋሪው ብቻ ያስረክባል።

ከሁሉ የከፋው ግን የእኔ ጥፋት ነው። አገራችን የማኅበር ደብዳቤ በትልቅ ሰው ስም እንደሚወጣ ታውቃለህ። እኔም ለክብር ብዬ ደብዳቤው ሁሉ ከአባ እንግዳ የግል አድራሻ የወጣ እንዲመስል አድርጌው ነበር። ለማሽኖቹ ይህ የሰው ስም መስረቅ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው።

«አባ፣ ስምዎን ላወጣው ነው። ማሽኖቹ የተሰረቀ ስም ነው ይላሉ።»

«የኔን ስም ማን ይሰርቃል? ሰባ ስምንት ዓመት ተሸክሜው ለኔም አልረባኝ!»

«በኮሚቴው ስም ይውጣ፤ እርስዎ ከታች ይፈርሙ።»

«ከላይ ነበርኩ፣ ከታች ሆንኩ። ይሁን። እስራኤል አገር የመጣሁ ዕለት የጀመረ ነገር ነው» አሉ። ሻይም ሳያስቀርቡ ሸኙኝ።

ሙከራውን ስጨርስ፣ መጋቢት ውስጥ፣ ጥያቄው እንደ አዲስ ይላካል። የበፊቱ አይቆጠርም። እቴን በርቺ በላት።

ታንጉ


ጎንደር፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ታንጉ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጤና ይስጥሽ፣ ብርታት ይስጥሽ።

መልስ ስለዘገየብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገድም ተዘግቶ ነበር፣ እኔም በቤተሰብ ጉዳይ ተይዤ ነበር።

ትናንት የላካችሁት ጥያቄ ደርሷል። በሠላሳ ዘጠኙ ቤት ገብቷል፤ ስምንቱ አሁንም ቆሻሻ ውስጥ ነው ያገኘሁት፣ ግን ገብቷል። ሰፈሩ መረቀሽ። «ስሜን የፋቀው ማን ነው» ያሉኝ ሽማግሌ «አለሁ» ብዬ ስመልስላቸው ቁመው አዩኝ።

የቁጥር 147 አልመጣም።

እቴ ምንይሹ ወደ ወገራ ወደ ባሏ ዘመዶች ሄዳለች። እዚያ ስልክ የለም። መድኃኒቱን ሌላ ጊዜ እንዳትልኪ፤ በዚህ መንገድ ሰው ማስቸገር ነው። ኢደን እኛ ቤት ናት፤ ከልጆቼ ጋር ትተኛለች፣ አታስቢ።

አሁንስ ብቻሽን ነው የምትኖሪው? ጎረቤቶችሽ የአገር ልጆች ናቸው?

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ገበያው


አፉላ ኢሊት፣ ማርች 24 ቀን 2024

ለወንድሜ ለገበያው፤ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስህ። እቴን ያለችበት አገር ሰላም ያድርግላት።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ሥራ ጀመርኩ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መቶ ዘጠና አምስቱ መልሰዋል። የእህቴ ግን አልደረሰም ትለኛለህ። ዐሥር ጊዜ ባስብበት ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ነገር ነው የመጣልኝ።

ጥፋት አላጣሁም። በገጻችን ስም ላይ «በስማችን ደብዳቤ ማውጣት የተፈቀደለት እከሌ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። እኔ ለድሮው ሰርቨር አንድ፣ ለአሻጋሪው ደግሞ ሌላ መስመር ጽፌ ኖሯል። ሁለት ሲሆኑ ማሽኖቹ ሁለቱንም አያምኑም፤ እንዳልተጻፈ ይቆጥሩታል። ሁለቱን አንድ መስመር አደረግኋቸው። ቀጥሎም አሻጋሪው የሚሰጠውን ማኅተም አስገባሁ፤ ይህ ማኅተም ደብዳቤው በመንገድ እንዳልተነካ ይመሰክራል። አንዲት ነጥብ ስላጎደልኩ ሁለት ቀን አልሠራም አለኝ። ሽሪ ለሰንበት መጥታ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሼ ስታገኘኝ «እማ፣ አክስቴ ምንይሹ እስራኤል በኢሜይል ልትገባ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። «አዎ፣ በኢሜይል ነው የምትገባው» አልኳት።

አሁን ወደ ሁሉም ቤት በደህና ይገባል። ሁለተኛው ጥያቄ ኤፕሪል 14 ይወጣል። እባክህ እሑድ ከሰዓት ሳጥኗን ክፈትላት። ወገራ ብትሆንም በሕይወት እስካለች ድረስ አንተ «አለች» ልትልላት ትችላለህ፤ ይህ በመሐላው አልተከለከለም።

ኪኒኑ ደረሰ ወይ? አልነገርከኝም። መንገዱስ ተከፈተ? በሄደችበት ኪኒኗን ማን ያስታውሳታል?

ታንጉ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም፤ ሰላም ላንቺ ይሁን። ፋሲካውን በደህና ያድርስሽ።

ኪኒኑ ደርሷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የመጋቢቱ ደብዳቤ እስካሁን አልመጣም። የሚያዝያው ቢመጣ አየዋለሁ። ምናልባት የሳጥኑ ችግር ነው፣ የይለፍ ቃሉም ሳይጠፋ አልቀረም። በዚህ ራስሽን አታድክሚ።

ታንጉ፣ አንቺና እቴ አምቦበር ሳላችሁ የተነሣችሁት ፎቶ ነበር፤ አንቺ ጋ መሆኑን አስታውሳለሁ። ኮፒ አድርገሽ ላኪልኝ። ለኢደን ነው።

ሌላም ልጠይቅሽ። ከሳምንቱ ሥራ የማትገቢው በየትኛው ቀን ነው? ሽሪስ ቤት የምትገባው መቼ ነው? የአባ እንግዳ ቤት ካንቺ ይርቃል? ስልካቸውን ላኪልኝ፤ ለሰፈሩ ጉዳይ የምነጋገራቸው ነገር አለኝ።

ገበያው


አፉላ ኢሊት፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2024

ለወንድሜ ለገበያው፤ እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ።

አሻጋሪው እያንዳንዱ ደብዳቤ መቼ እንደደረሰና መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብበት ገጽ አለው። እዚያ እንዳለ ከዚህ በፊት አላወቅሁም፤ የማነበው ወረቀት መጨረሻው ተቀዶ ነበር። ትናንት ሁለተኛውን ጥያቄ ልኬ ስከታተል አገኘሁት።

ቁጥር 147፣ የመጋቢቱ፣ በተላከ በአራት ሴኮንድ ደርሷል። ቆሻሻ ውስጥም አልገባም። በማግስቱ ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ተከፍቷል። የትናንቱም ደርሷል፤ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል።

መጀመሪያ አሻጋሪው ተሳስቷል ብዬ የሌሎቹን ቤቶች ቆጠርኩ። አልተሳሳተም። ከዚያ ደብዳቤዎችህን ከጥር ጀምሬ አንብቤ ደግሜ አነበብኳቸው። ከዚያ ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ዓርብ ሥራ የለኝም። ሽሪ ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ፣ ሜይ 3፣ ቤት ናት። አባ እንግዳ ከእኔ ሕንጻ ዝቅ ብሎ ባለው ሁለተኛው ሕንጻ ናቸው፤ ስልካቸውን ከታች ጽፌዋለሁ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን ቀስ ብለው ነው የሚወጡት፤ ሌሎቹ ሽማግሎች ይጠብቋቸው። በሬን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እከፍተዋለሁ።

ፎቶው ተያይዟል። በስተቀኝ ያለችው እሷ ናት፤ ኢደን ላታውቃት ትችላለች።

ሌላ አልጠይቅህም። አንተም በደብዳቤ ምንም አትንገረኝ።

ታንጉ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ለታንጉ፤ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ለቀሪዎቹ ዕድሜ ይስጥ፣ የእሷን ነፍስ ከአባቶቻችን ጋር ያኑር።

መርዶው እንደተነገረሽ አባ እንግዳ ደውለው ነግረውኛል። አሁን መናገር እችላለሁ።

እቴ ምንይሹ ያረፈችው የካቲት 21 ቀን ነው። ወገራ አልሄደችም፤ ዋሽቼሻለሁ። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ በሦስተኛው ጧት አለፈች። ኪኒኑ የደረሰው ከዚያ በኋላ በስምንተኛው ቀን ነው። ለሌላ ግፊት ላለባት ሴት ሰጠሁት።

ከበዓል በፊት መርዶ አይነገርም፤ በወረቀት ደግሞ ጭራሹን። ይህን ታውቂያለሽ። ነገር ግን ጥያቄው መጣ። «ምንይሹ አለች ወይስ የለችም?» ይላል። አርባውን ቤት በየወሩ የምመልስ ሰው ነኝ፤ አንዲት ቃል ናት። «የለችም» ብዬ ጻፍኩና መልሱን መጀመሪያ የሚያነበው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። ሰረዝኩት። እህትሽ መሞቷን በአንድ ቃል፣ ብቻሽን ተቀምጠሽ፣ ከማሽን ልትሰሚ ነው። «አለች» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ሰረዝኩት። ዘጠኝ ጊዜ ከፈትከው አልሽኝ፤ እኔ አልቆጠርኩም።

ኢደን እግሬ ላይ ወደቀችብኝ። «አባባ ገበያው፣ አለች በልልኝ፤ አንድ ቃል ናት፣ ማን ያያል?» አለች። እናቷን ቀብራ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አላደረግሁትም። አንዲት የሞተች ሴት በዝርዝሩ ላይ ከተገኘች ጠበቃይቱ ሁሉንም ትጥላለች፤ ያ ሽማግሌም አለ፣ ሌሎቹም አሉ። ከዚያ ወዲህ ኢደን አታናግረኝም። እንጀራዬን ትበላለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

አንቺ ደግሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያልሽ ያንን ሁሉ ሥራ ስትሠሪ፣ እኔ «አልመጣም» እልሽ ነበር። ለዚህ ምን እንደምልሽ አላውቅም።

አሁንስ ምን ልመልስ?

ገበያው


አፉላ ኢሊት፣ ሜይ 12 ቀን 2024

ለወንድሜ ለገበያው፤ አንተንም ያጽናህ። የቀበርካት አንተ ነህ።

ሽማግሎቹ በነገርኩህ ዓርብ መጡ። በሩ ክፍት ነበር። አባ እንግዳ ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ከደጅ ቆሙ። ከዚያ ገብተው «ታንጉ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «ተቀምጫለሁ፣ አባ» አልኳቸው። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ሳውቀው ሥራ እየሄድኩ፣ እየጠረግሁ፣ ለፋሲካ ቂጣ እየበላሁ ከርሜ ነበር። እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እንደማያውቅ ሰው ጮህኩ። ጎረቤት የሆነች ሩሲያዊት በሌሊት ልብሷ ሮጣ መጣች። ሽሪ ይዛኝ ነበር፤ ስለ ኢሜይሉ የቀለደችውን ደጋግማ ይቅርታ ትለኛለች። ምንም አላጠፋችም።

በእኔ ላይ ያደረግኸው ጥፋት አይደለም። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም አደርገው ነበር። በአንተ ውሸት ምክንያት ያረምኩት ስሕተት ደግሞ ለስምንት ቤት ደብዳቤውን ከቆሻሻ አውጥቷል።

«ምን ልመልስ» ላልከው፣ ኦዴሊያ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ሦስት ጊዜ ዝም ያለ ቁጥር ከነልጆቹ ይዘጋል፤ ተመልሶም አይከፈትም። ሞት ከቤተሰቡ በመልስ ከተነገረ ግን ልጅየዋ በራሷ ስም አዲስ ቁጥር ታገኛለች። አዲሱ ቁጥር 213 ነው፣ የሁሉ መጨረሻ። ስንት ዓመት ይፈጃል አልኳት። «ታንጉ፣ ብዋሽሽ ደስ ይልሻል?» አለችኝ። ለኢደን ይህን እንዳለ ንገራት፤ አታሳምርላት። ፊቷን ብታዞርብህም ንገራት።

ሦስተኛው ጥያቄ እሑድ ሜይ 19 ይወጣል። ከእኔ በኩል ልመልስ አልችልም፣ ምያለሁ። ሌላ ሰው እንዲያነበው አባ እንግዳ ለምነውኝ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ስሟን ከዝርዝሩ የማወጣው እኔ ነኝ። አንተም እኔን ፈርተህ አትሰርዝ። ጻፍና ላክ።

ታንጉ


ከ፦ የአፉላ ቤተሰቦች ኮሚቴ
ቀን፦ ሜይ 19 ቀን 2024
ቁጥር፦ 147 (ሦስተኛና የመጨረሻ ጥያቄ)

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ወይዘሮ ምንይሹ አለች ወይስ የለችም? ለዚህ ደብዳቤ በአንድ ቃል ብቻ መልሱ። ከአንድ ቃል በላይ የተጻፈውን ማሽኑ አያነብም።

እንግዳ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ


መልስ ለቁጥር 147
ጎንደር፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

የለችም።

ታንጉ፣ ይህን ማሽኑ ባያነበውም አንቺ አንብቢው። የምጽፈው እኔ ኢደን ነኝ። አባባ ገበያው ከወንበሩ ተነሥቶ «አንቺ ጻፊው» አለኝ። ከላይ ያለውን ቃል በገዛ እጄ ጻፍኩት።

እኔ አለሁ።